ከዋንዛ የጠረብኋቸው ሞለኪውሎች

በመደበኛ ትምህርት የገፋሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ እኔው ነኝ ለራሴ ያስተማርሁት። ከጎረምሳነቴ እስከ ጡረታዬ በጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ስሠራ ኬሚስቶቹ የሚጥሏቸውን ያረጁ መጻሕፍት እያነሣሁ፣ እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልሁ፣ አሲድና ቤዙን፣ ጨውና ማቅለሚያውን አንድ በአንድ አወቅሁ። ዲግሪ ይዘው የመጡ ልጆች ቀለሙ ልክ አልመጣ ሲላቸው የሚመጡት እኔ ዘንድ ነበር። ሁለት ቁራጭ ሰማያዊ ጨርቅ ጎን ለጎን ቢዘረጉልኝ የቱ በጠዋቱ፣ የቱ በከሰዓቱ ፈረቃ እንደተነከረ እለይ ነበር፤ ተሳስቼም አላውቅም። አሁንም ዓይኔ ደከመ እንጂ አእምሮዬ አልደከመም።

የምጽፈው ግን ይኸው እውቀቴ በልጄ ላይ ስላደረሰው ነገር ነው። ልጄ ስምንት ወር የለፋችበትን ሥራ በአንድ ከሰዓት አበላሸሁባት። አበላሽቼም ዋሸኋት። ውሸቱ አንድ ቃል ነበር፤ ያችን አንድ ቃል ይዤ ዓመታት ኖርሁ።

ያለችን ልጅ አንድ ናት። ሹም አቦ ሰፈር ባለው ቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ከሥዕለ ማርያም ጎን፣ የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ሰቅዬ ነበር። ፊደል ሳትለይ በፊት ሃይድሮጅን የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳለ በጣቷ ታሳይ ነበር። ኬሚስትሪን የመረጠችው በእኔ ምክንያት ነው፤ እሷም አትክድም። እዚሁ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ጨረሰች፣ ማስተርሷን ቀጠለች። ያን ስምንት ወር የለፋችበትን ሞለኪውል የሠራችው በማስተርሷ ጊዜ ነው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግታ ስትስል አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«ይሄ በየትኛው ዕፅ ውስጥ ነው የሚገኘው?» አልኋት።

«በየትኛውም፣ አባዬ። በተፈጥሮ የለም። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«በዓለም ላይ የለም?»

«ልክ እንዲህ ሆኖ የለም።»

እናቷን ጠራኋት። «ነይ እዪ እንጂ! ፈጣሪ የዘነጋውን ነገር ልጅሽ ሠራችው።»

«ምነው በሰንበት ባትቀባጥር!» አለችኝ ባለቤቴ ከጓዳ። ልጄ ሳቀችና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞለኪውሉ በአንድ ጎኑ አራት ቦታ በሰልፍ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሃይድሮጅን ይዘው ወደ ውጭ የሚዘረጉ ናቸው፤ «ሰጪ» አለቻቸው። የቀሩት ሁለቱ የተዘረጋውን ሃይድሮጅን የሚይዙ ናቸው፤ «ተቀባይ» አለቻቸው። ሰጪ፣ ሰጪ፣ ተቀባይ፣ ተቀባይ። አሁን ሌላ ተመሳሳይ ሞለኪውል ይመጣና ተዙሮ ፊት ለፊቱ ይቆማል። ሲዞር የእሱ ተቀባዮች ከዚህኛው ሰጪዎች፣ የእሱ ሰጪዎች ከዚህኛው ተቀባዮች ጋር ይገጥማሉ። አራቱም ይያያዛሉ። ይህ የሃይድሮጅን ትስስር ይባላል። አንዱ ብቻውን ደካማ ነው፤ እንኳን ሊይዝ ለመንካትም የሚያንስ ነው። አራቱ ባንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሁለቱ ሞለኪውሎች ጥንድ ሆነው ይቀራሉ።

«ሰልፉ ልክ ባይሆንስ?» አልኋት።

«ሰጪ ከሰጪ ፊት ለፊት ከዋለ ይገፋፋሉ። አይጣመሩም።»

«ምን ይሠራል ታዲያ?»

«በረጅም ሰንሰለት ላይ ጫፍና ጫፉ ላይ ቢተከል፣ ቢቆረጥ እንኳ ሞቅ ሲያደርጉት ራሱን መልሶ የሚያገጣጥም ፕላስቲክ ይወጣዋል። ብዙ አገር ያሉ ሰዎች በየዓይነቱ ሠርተዋል። የኔ ለመሥራት ይቀላል፤ ጥንዱ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ግን ገና አልተለካም።»

«ጠላቱስ?» ይህን የጠየቅሁት ማቅለሚያ ክፍል ያለ እያንዳንዱ ነገር ጠላት እንዳለው ስለማውቅ ነው።

«ውኃ፣ አባዬ። ውኃ ራሱ ሰጪም ተቀባይም ስለሆነ መሀላቸው ይገባል። ለሁሉም እጁን ይዘረጋል።»

«ጥጥ ውኃ የሚጠጣውም ለዚህ ነው» አልኋት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። «በትክክል! ይሄን እኮ ሦስተኛ ዓመት ነው የተማርነው» አለች። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ልደብቀው አልፈልግም። ሽልማት ብዬ ይዤዋለሁ።

ከዚያ በክፍሏ ፊት ሥራዋን የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። በወረቀት የተሳለ ነገር ሰው አያሳምንም አልሁና ራሴ ልጠርብላት ተነሣሁ። በሐይቁ ላይ ከዘጌ በጀልባ የመጣ ደረቅ የዋንዛ ግንድ ገዛሁ። ክንድ ክንድ የሚያህሉ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች አወጣሁ፤ በእያንዳንዱ ጎን ላይ ሁለት ጉጥና ሁለት ቀዳዳ አበጀሁ። ሁለቱንም በአንድ ልክ ነው የሠራኋቸው። በብርጭቆ ወረቀት ሞርጄ በዘይት ስወለውላቸው የተመለከተ ሰው ከውጭ አገር መጡ ቢባል ያምናል።

ጎረቤታችን መሪጌታ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሸመገሉ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሰው። አጥር ላይ ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ኢንጅነር፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የገበጣ ሰሌዳ ነው?» አሉኝ። ኢንጅነር የሚሉኝ ሊያበሽቁኝ ነው።

«ሞለኪውል ነው፣ መሪጌታ።»

«እንዲህ የሚያህል? እኔ እኮ በዓይን አይታይም ሲሉ ነው የሰማሁት።»

«ለእርስዎ ዓይን ብዬ ነው ያሳደግሁት። እስቲ ያጋጥሟቸው።»

ገቡና ሞከሩት። ጉጥ ከጉጥ ተጋፋ። «አልሆነም፣ አበላሽተኸዋል!» አሉ ደስ ብሏቸው።

«አንደኛውን ያዙሩት እንጂ።»

አዞሩት። ቀጭ ብሎ ገጠመ። መሪጌታ ሊያላቅቁት ታገሉ፣ አልላቀቅ አላቸው። «ኧረ ይሄስ ይገርማል!» አሉ። «ታዲያ የቱ ነው ባሉ፣ የቷ ናት ሚስቱ?»

«ሁለቱም ያው ናቸው። አንዱ ራሱን አዙሮ ሲቀርብ ነው የሚገጥመው።»

«ይሄንንስ ለባለቤትህ ንገራት» አሉ። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ሆና «ራሱን ማዞሩን ለእሱ ይንገሩልኝ እንጂ መሪጌታ!» ብላ መለሰችላቸው። የዚያን ቀን ሳቃችን ዛሬም በጆሮዬ ይሰማኛል። ከዚያ በኋላ እንደዚያ የሳቅንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ልጄ ሥራዋን አቀረበች፤ እንጨቶቼን መምህራኑ ተቀባበሏቸው። ከዚያ ውጭ አገር ያለ አንድ ፕሮፌሰር ለዶክትሬት ሊወስዳት ጻፈላት። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ጥንዱ ምን ያህል እንደሚጠብቅ በትክክል ተለክቶ፣ ቀኑ ሳያልፍ እንዲላክለት። መለኪያው ትልቅ ማግኔት ያለው መሣሪያ ሲሆን አዲስ አበባ ነው ያለው። አንድ ቀን ተያዘላት። በስምንት ወር የሠራችው ዱቄት ተጠራቅሞ የሻይ ማንኪያ ጫፍ ብቻ ነበር፤ ለመሥራት የሚያስፈልጉት ኬሚካሎችም አልቀው ነበር። በዚያ ክረምት የዩኒቨርሲቲው ግቢ ተዘግቶ ስለነበር ዱቄቱን በትንሽ ብልቃጥ ይዛ መጥታ እኛ ፍሪጅ ውስጥ፣ እርጥበት መጣጭ ባለበት የመስታወት ማሰሮ ውስጥ አስቀመጠችው።

ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ አምስት ቀን ሲቀራት ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ የምትኖረው የእናቷ እኅት ዐረፈች። ባለቤቴ ያኔ ኋላ የወሰዳት ሕመም ጀምሯት ስለነበር ጀልባውን አትችለውም፤ ልጄ በእናቷ ምትክ ለቅሶ ልትደርስ ተነሣች። ስትወጣ ፍሪጁን ከፍታ አሳየችኝ።

«አባዬ፣ ይሄን አይክፈቱት። መብራት ቢጠፋም አይክፈቱት። ካልተከፈተ ምንም አይሆንም።»

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አልኋት። «ዕድሜ ልኬን ኬሚካል ስጠብቅ የኖርሁ ሰው ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለችና ትከሻዬን ስማኝ ሄደች።

በማግስቱ ጎረቤቱ ባለቤቴን ሊያስተዛዝን መጣ። ግቢው ውስጥ ሸራ ወጠርን፤ ወንዶቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ለቅሶ ቤት እንደሚሆነው መጀመሪያ ስለ ሟቿ፣ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ስለ ልጆቻችን ወሬ ተጀመረ። እኔም ስለ ልጄ አወራሁ። ውጭ አገር እንደምትሄድ፣ የሠራችው ነገር ራሱን እያወቀ ከራሱ ዓይነት ጋር እንደሚጣመር ነገርኋቸው።

«እንጨቱንማ አይተናል» አሉ መሪጌታ። «እውነተኛው ግን የት አለ? እሱንም አንተ ጠርበኸው እንዳይሆን!»

ሰው ሳቀ። እኔ ተነሥቼ ገባሁ። ባለቤቴ መደቡ ላይ ጋደም ብላ ከሴቶቹ ጋር ነበረች፤ ብልቃጡን ይዤ ሳልፍ አየችኝ። በለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ሸራው ሥር ቆሜ አሳየኋቸው። ብልቃጡ ከፍሪጅ ስለወጣ ላይ ላዩን ጤዛ ሸፍኖት ውስጡ አይታይም። በአፉ በኩል ያዩት ዘንድ ከፈትሁት። ለአንድ አፍታ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሲመለስልኝ ግን ጤዛው ውስጡም ገብቶ፣ ዱቄቱ ረጥቦ ከብልቃጡ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አገኘሁት።

ብልቃጡን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። አልተደናገጥሁም፤ መፍትሔውን አውቀዋለሁ ብዬ አሰብሁ። ማቅለሚያ ክፍል ዕቃ ቶሎ እንዲደርቅ ስንፈልግ በአልኮል እናለቀልቀዋለን። አልኮሉ ውኃውን ይዞት ይተናል። እቤታችን ደግሞ ባለቤቴ ለበዓል ያወጣችው ዳግም አረቄ ነበር፤ ሁለት ጊዜ የተጣራ፣ በክብሪት ሲነካ ሰማያዊ ሆኖ የሚነድ። ለኩሼ ሞከርሁት፤ ነደደ። በባዶ የዓይን መድኃኒት ጠርሙስ ቀዳሁና ወደ ብልቃጡ አሥራ ሁለት ጠብታ አንጠባጠብሁ፤ አሽከረከርሁት፤ ከደመና መሀል ፀሐይ ብቅ ብላ ስለነበር መስኮቱ ላይ ክፍቱን አስቀመጥሁት። እስኪደርቅ ከአጠገቡ አልተነሣሁም። ደርቆ ሳየው ከፊቱ ይልቅ ነጭ፣ ከፊቱ ይልቅ የሚያምር ዱቄት ሆኗል። እንዲህ ያለ ብልሃት ከማን ይገኛል አልሁ በልቤ። ክዳኑን አጥብቄ መለስሁት።

«ምን አረግህ?» አለችኝ ባለቤቴ፣ ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ።

«ውኃ ገብቶበት ነበር። አወጣሁለት።»

«አትክፈት አላለችህም?»

«ባልከፍተውማ ኖሮ አሁን አይደርቅም ነበር።»

ይህ ምን ዓይነት መልስ እንደሆነ እሷም ገብቷታል፤ እኔም ገብቶኛል። «ብቻ ስትመጣ ንገራት» አለችኝ።

ልጄ ከቁንዝላ ስትመለስ ጥቁር ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ፍሪጁን ከፈተች።

«አልተከፈተም አይደል፣ አባዬ?»

«አልተከፈተም።»

ቁጣዋን ፈርቼ አልነበረም፤ ልጄ ተቆጥታኝ አታውቅም። በዚህ ዓለም አዋቂ ነው ብላ በሙሉ ልቧ የምታየኝ አንድ ሰው እሷ ነበረች። ያን ዓይኗን እንዳላጣ ነው የዋሸሁት።

አዲስ አበባ ሄዳ ለካች። ተመልሳ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን ለመፍታት በጣም ቆየች።

«እንዴት ሆነ?» አልኋት።

«ናሙናው ንጹሕ አልነበረም። ቁጥሩ አይታመንም፤ አይላክም።»

«ማነው ንጹሕ አይደለም ያለው? ያ ማግኔት ነው?»

«ማግኔቱ ነው፣ አባዬ። እኔ በደንብ አላደረቅኩትም።» ይህን ስትል እናቷን እንጂ እኔን አላየችም። ባለቤቴ ደግሞ እኔን አየችኝ።

ሌላ ዱቄት አልነበረም። ኬሚካሉ ታዝዞ፣ እንደገና ተሠርቶ፣ እንደገና ተራ ተይዞ እስኪለካ ቀኑ አለፈ፤ ቦታውም ለሌላ ተማሪ ተሰጠ። ልጄ ማስተርሷን በሌላው የሥራዋ ክፍል ጨረሰች። ከዚያ ቁንዝላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርነት አገኘችና በሟች አክስቷ ቤት ልትኖር ሄደች። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ እንጨቶቹን ልትወስዳቸው ጠየቀችኝ። «ያንቺ አይደሉ?» አልኋት። በነጠላ ጠቅልላ ይዛቸው ሄደች።

የባለቤቴ ሕመም እየጠናባት ሄደ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አንድ ቀን ትራሷን ሳስተካክልላት እጄን ያዘችኝ።

«ነገርሃት?»

«አልነገርኋትም።»

«እኔ አልናገርም። ያንተ ነው» አለችኝ። ደግማ አላነሣችውም። ጾመ ነቢያትን ሳትፈታ ዐረፈች።

ለአርባዋ ልጄ ከቁንዝላ መጣች። ድግሱ ሲሰናዳ ጓዳ ውስጥ እናቷ ያወጣችውን የመጨረሻውን የዳግም ጠርሙስ አገኘች። ለእንግዳ የምታወጣው መስሎኝ ነበር። ቡሹን ነቅላ አሸተተችው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ። አንድ ነገር ከእኔ እንደምትጠብቅ ታውቆኛል። እኔ ግን ስለ እናቷ እያሰበች ነው ብዬ ራሴን አታለልሁና «ጥሩ አረቄ ነበር የምታወጣው» አልሁ። «አዎ፣ ጥሩ ነበር» አለችና መልሳ ደፈነችው።

ብቻዬን ስቀር ወደ መጻሕፍት ተመለስሁ። ሌላው ሽማግሌ በእኔ ዕድሜ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ እኔ ልጄ ትታቸው የሄደችውን የዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት በማጉያ መነጽር ማንበብ ጀመርሁ። ያ ማግኔት ያለው መሣሪያ የሚያወጣው ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ የሚያስተምር አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበር። ዓመት ፈጀብኝ። ግን ገባኝ። በወረቀቱ ላይ ሹል ሹል መስመሮች ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ የሃይድሮጅን ወገን የራሱ ቦታ አለው፤ ጎረቤቱ ስንት እንደሆነ በስንት ተሰንጥቆ እንደቆመ ታይቶ ይታወቃል። ያለ አስተማሪ ይህን በሰባ አራት ዓመቱ የተማረ ሰው ካለ ያምጡልኝ።

መጽሐፉ ለጀማሪ የሚያሳየው የመጀመሪያው ምሳሌ አልኮል ነው፤ እኛ አረቄ የምንለው ውስጥ ያለው። አንድ ቦታ ላይ በሦስት የተሰነጠቀ፣ ሌላ ቦታ ላይ በአራት የተሰነጠቀ መስመር። ኬሚስትሪ የተማረ ሰው እንደ ገዛ ፊርማው የሚለየው ነው። እዚያው ገጽ ላይ አልኮልም እንደ ውኃ ሃይድሮጅኑን እንደሚሰጥም እንደሚቀበልም፣ ከዱቄት ጋር ተያይዞ በፀሐይ ቢሉት እንደማይለቅ ተጽፏል። ውኃውን አወጣሁ ብዬ በቦታው ሌላ አስገብቼ ኖሯል። መጽሐፉን ከድኜ ተነሣሁና የልጄን የወረቀት ሣጥን ፈታሁ። የአዲስ አበባው ወረቀት ተጠቅልሎ ከታች ነበር።

ዘርግቼ በማጉያው አየሁት። በሦስት የተሰነጠቀው አለ። በአራት የተሰነጠቀው አለ። ሁለቱም በእርሳስ ተከበዋል። ከክቡ አጠገብ ምንም አልተጻፈም።

ልጄ ሥራዋን ስትሠራ አልኮል በአጠገቡ አታስደርስም ነበር፤ እዚያው ሣጥን ውስጥ ባለው የሥራ ማስታወሻዋ ላይ ተጽፏል። ያ አረቄ ሊመጣ የሚችልበት ቤት አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ያን ቀን በር ላይ ቆማ ጫማዋን ስትፈታ ታውቅ ነበር። «እኔ በደንብ አላደረቅኩትም» ስትል ታውቅ ነበር። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታ ስታየኝ ታውቅ ነበር።

ቅዳሜ በጠዋቱ ጀልባ ተሳፍሬ ቁንዝላ ሄድሁ። ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ይዤው ነበር። ልጄ የተማሪ ደብተር ስታርም አገኘኋት። ጸጉሯ ፊት ለፊቱ ሸብቷል፤ ይህን ያህል መሸበቱን እስከዚያ ቀን ልብ አላልሁም ነበር። እንጨቶቹ መደርደሪያ ላይ ናቸው። የስንት ተማሪ እጅ ነክቷቸው ጉጡ አልቋል፣ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ እንዳይላቀቁ በላስቲክ ታስረዋል።

ወረቀቱን ደብተሮቹ ላይ ዘረጋሁት። «ይሄን አስተምሪኝ» አልኋት።

«ከየት አገኙት?»

«ከሣጥንሽ። አስተምሪኝ።»

ከግራ ጀመረች። «እነዚህ በጥንዱ መሀል የተያዙት ሃይድሮጅኖች ናቸው። ሲያያዙ ወደዚህ ርቀው ይቆማሉ። ይዩ፣ እዚህ አሉ፤ ተጣምረው ነበር» አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ ያኔ እሑድ ቀን ወረቀት ላይ ስትስል የነበረው ድምፅ ሆነ። ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ሄደች። ሁለቱ ክቦች ጋ ስትደርስ አንዱ ላይ አውራ ጣቷን፣ ሌላው ላይ ሌባ ጣቷን አሳረፈች። ዘልላቸው ቀጠለች።

«ከጣትሽ ሥር ያለውስ?»

«ቆሻሻ ነው፣ አባዬ።»

«ጣትሽን አንሺው።»

አላነሣችም። «ይተዉት» አለች።

«የእናትሽ ዳግም ነው» አልሁ። «እኔ ነኝ የጨመርሁት። ለሰው ላሳይ ከፍቼው ጤዛ ገባበት። ላደርቀው ብዬ ነው። አልተከፈተም ያልሁሽ ውሸቴን ነው።»

ለመናገር የፈጀብኝ ይህን ያህል ብቻ ነው። ልጄ እጇን ከወረቀቱ ላይ አነሣች።

«የመሣሪያው ሰውዬ መጀመሪያ ሲያየው 'ብልቃጥሽን በምንድነው ያጠብሽው?' አለኝ» አለች። «'በአረቄ' አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አልተከፈተም ብለውኝ ነበር። እንግዲህ የአባቴን ቃል ይዤ ከማግኔቱ ጋር ልከራከር?» ስታርመው የነበረውን ደብተር ከደነች። «ዱቄቱን ረስቼዋለሁ። እውነቴን ነው። ዛሬ ይነግሩኛል፣ ነገ ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። እማዬ ስትታመም ጠበቅኩ። በአርባዋም ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ ተውኩት።»

ይቅር በይኝ አልኋት። አንገቷን ነቀነቀች፤ ይቅር ማለቷ ይሁን አለማለቷ የማይለይ አነቃነቅ። ከዚያ፣

«ስንት ጠብታ ነበር?» አለችኝ።

«አሥራ ሁለት።»

«አባዬ! አሥራ ሁለት እኮ ብዙ ነው!»

«ለማለቅለቅ ከዚያ በታች አይበቃም» አልኋት። አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ልጄ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከጎኗ ቆምሁ። ትከሻዋን ልይዛት እጄን አነሣሁ፤ ወዲያው ግን ወረቀቱን የምጠቀልል መሰልሁ።

ልመለስ ስነሣ እንጨቶቹን አወረደችና ሰጠችኝ። «ልጆቹ ሲያጋጥሟቸው አሁን አይዙም» አለችኝ። «ይሠሩልኛል?» ጀልባው ላይ ጉልበቴ ላይ አድርጌያቸው መጣሁ። አንዱን አዙሬ ገጠምሁት፤ ማዕበሉ ሲያንገራግጨን ተላቀቁ። ገጠምሁ፤ ተላቀቁ።

አዲስ የዋንዛ እንጨት አመጣሁና መጥረብ ጀመርሁ። ከቀድሞዎቹ የተሻለ እሠራቸዋለሁ፤ እችላለሁም። መሪጌታ አሁን ዓይናቸው ጠፍቶ አጥሩን በእጃቸው እየዳሰሱ ይመጡና የመጥረቢያውን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ ኢንጅነር ማለቱን ግን ትተውታል።

ትናንት ልጄ ደወለች።

«አለቀልዎት፣ አባዬ?»

አልቋል ልላት አፌ ተከፍቶ ነበር። «አላለቀም» አልኋት። «እጄ ተንቀጥቅጦ አንዱ ጉጥ ተሰበረብኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ ሰምታ አታውቅም። ስልኩ ውስጥ የሐይቁ ነፋስ ይሰማኛል፤ ውጭ ቆማ ነበር ማለት ነው።

«እሺ» አለች። «ቀስ ብለው ይሥሩት።»